ጦርነቱን በልጅቷ ዐይን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ስለነበረው የጣልያን ወረራ ፊልም ወይም ቲያትር ከሚሠሩ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ሁሉም ዋና ገጸ ባሕርይ ያደረጉት ፊታውራሪ ወይም ደጃዝማች ሳይሆን አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ነው። ይህ አስደስቶናል። ከደስታችን ጋር ግን መባል ያለበት አለ።

ጥያቄ፦ ስክሪፕት እየጻፍሁ ነው። ባለታሪኳ የ14 ዓመት ልጅ ናት፤ አባቷ ወደ ማይጨው ይዘምታል። ጦርነቱን ለማሳየት ስፈልግ ልጅቷ ቤት ናት። ካሜራውን ወደ አባትየው ላዙር ወይስ ልጅቷን ላዝምታት? ብትዘምትስ ታሪኩ ይቀበለዋል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ካሜራውን ወደ አባትየው አያዙሩ። እሷ የሌለችበት አንድ የውጊያ ትዕይንት ከገባ፣ ተመልካቹ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ቀጣዩን ውጊያ ነው፤ የልጅቷ ክፍል እስኪያልፍ የሚታገሡት ነገር ይሆናል።

መዝመቷን ታሪክ አሳምሮ ይቀበለዋል። የዚያ ዘመን አብዛኛው ዘማች ስንቁን ከቤቱ ይዞ፣ ሚስቱን፣ እኅቱን፣ ልጁን አስከትሎ ነበር የሚወጣው። እህል የሚፈጨው፣ እንጀራ የሚጋገረው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ቁስለኛ የሚነሣው በሴቶች እጅ ነው። አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ ደግሞ በዚያ ጊዜ ትልቅ ሰው ናት፤ ብዙዎቹ እኩዮቿ ታጭተዋል ወይም አግብተዋል። ስለዚህ እናቷ የሞተችባት ልጅ ስንቅ ይዛ አባቷን ብትከተል ማብራሪያ አያስፈልገውም። እንዲያውም ቤት የምትቀር ከሆነ ነው ምክንያት መፈለግ ያለብዎት።

ድራማውን ከስንቁ ይጀምሩ። ከሸዋ ማይጨው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጭነት ይዞ በዚያ ዳገትና ቁልቁለት በቀን 20 ኪሎ ሜትር ከተሄደ መልካም ነው፤ ዕረፍቱ ሲታከልበት አንድ ወር ያህል ይፈጃል። አባት፣ ልጅና አንድ አሽከር በነፍስ ወከፍ በቀን 700 ግራም እህል ቢሰፈርላቸው የወሩ ስንቅ 63 ኪሎ ይሆናል። አንዲት አህያ በዚያ መንገድ 50 ኪሎ ከተሸከመች በቂዋ ነው። አባት ጠመንጃና ጥይት፣ አሽከር ድንኳንና ዕቃ ከያዙ፣ የተረፈው 13 ኪሎ በማን ጀርባ ላይ ይሆናል? በልጅቷ። አህያዋ በአውሮፕላን ቦምብ ከሞተችስ? አምሳ ኪሎ መንገድ ዳር ፈስሶ፣ ከዚያ ውስጥ ምን ታንሣ ምን ትተው? ይህን ስሌት ስክሪፕቱ ላይ በትክክል ከሠሩት፣ ሦስት አራት ትዕይንት ራሱን ይጽፋል። ጉዞው ግን ከ15 ገጽ አይለፍ፤ አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የሚረዝም የእግር መንገድ ተመልካችን ያደክማል።

የሚበላውንም ይጠንቀቁ። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለነበረ ውጊያው የዋለው ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ቆሎ፣ በሶ በውሃ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ ይታይ። ጭኮ በቅቤ የሚታሽ ስለሆነ በጾም ሰሞን ከአገልግሉ ባይወጣ ይሻላል። ካህን ለዘማች ጾም ሊፈታ ይችላል፤ ያን ከፈለጉ ግን ካህኑን ራሱን ትዕይንት ውስጥ ያስገቡት፣ ዝም ብሎ ሥጋ አይታይ።

በውጊያው ዕለት ልጅቷ ያለችው ከጦሩ ኋላ፣ ስንቅና ቁስለኛ ባለበት ነው። መድፍ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ሲተኮስ ብልጭታው መጀመሪያ ይታያል፤ ድምፁ የሚደርሰው ከ9 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ይህን ክፍተት በአርትዖት አይጠግኑት። ልጅቷ መጀመሪያ ግራ ትጋባለች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከንፈሯ እያነበነበ መቁጠር ስትጀምር ተመልካቹ አብሯት ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ሲያንስም ጠላት መቅረቡን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። የካሜራውም ከፍታ የእሷ ይሁን። ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 ከሆነ ዐይኗ ያለው 1 ሜትር ከ40 አካባቢ ነው፤ ከዚያ ከፍታ የዘማች ሰልፍ ሲታይ ትከሻ፣ ዝናርና የጠመንጃ ሰደፍ ነው እንጂ ሸለቆው በሙሉ አይደለም። ከተራራ ላይ ጦሩን አሻግሮ የሚያሳይ ቀረጻ ካማረዎት ልጅቷን መጀመሪያ ተራራው ላይ ያውጧት።

ጥያቄ፦ የሜካፕ ባለሙያ ነኝ። የመርዝ ጋዝ የነካቸውን ሰዎች እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። ስክሪፕቱ ላይ አውሮፕላኑ እንዳለፈ ሰዎቹ አረፋ እየደፈቁ ወዲያው ይወድቃሉ። ልክ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ልክ አይደለም፤ በዚህ ጦርነት ላይ በተሠሩ ትዕይንቶች ውስጥ ደግሞ ይህን ያህል የሚያሳዝነን ስሕተት የለም። ጣልያን ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከዜ አካባቢ አንሥቶ በብዛት የተጠቀመበት የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ነው። ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ የሚወርደው ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ሆኖ ነው፤ መጀመሪያ በቦምብ፣ ኋላም ከአውሮፕላን እንደ ዝናብ እየተረጨ። የጭካኔው ምንጭ መዘግየቱ ነው። ሲነካ አያቃጥልም። ሰው ጠብታውን ጠራርጎ መንገዱን ይቀጥላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ልጁን ያቅፋል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፤ ዐይን ይደፈርሳል፣ ያብጣል፣ ይከደናል፤ ድምፅ ይሻክራል። በማግስቱ ውሃ የቋጠረ ትልልቅ እብጠት ይወጣል። ሳንባው የተጎዳ ሰው የሚሞተው ከቀናት በኋላ ነው።

ለእርስዎ ሥራ ይህ ሦስት ደረጃ ይሆናል። በመጀመሪያው መቅላትና ያበጠ ዐይን ብቻ ይሥሩ፤ በሁለተኛው ውሃ የቋጠረ እብጠት፣ በሦስተኛው የተገሸለጠ ቁስል። የእብጠቱ ፈሳሽ ጥርት ያለ ወይም ቢጫ ነው፤ ደም አይቀቡት። ዘማቹ በአብዛኛው ባዶ እግሩን ስለነበረና ፈሳሹ ሣርና ቅጠል ላይ ስለሚቆይ፣ በጣም የሚጎዳው እግር፣ ቅልጥምና እጅ ነው። ሸማ ፈሳሹን መጥጦ ይይዛልና ትከሻና ጀርባም ይቃጠላል። ብብትና ጉያ የመሰለ ላብ የሚበዛበት ቦታ ከሌላው የባሰ ነው። ፊት ላይ ብቻ የሚሠራ ሜካፕ ስለዚህ ነው ውሸት የሚመስለው።

በጄላቲን የሚሠራ እብጠት ደጋ ላይ ጠዋት ይይዛል፤ ከቀትር በኋላ በፀሐይና በገላ ሙቀት ይቀልጣል። ቆላ ከቀረጻችሁ ሲሊኮን ይሻላል። ማጣበቂያውን ከቀረጻው 24 ሰዓት ቀድመው በተዋናዩ ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይሞክሩ፤ የልጆች ቆዳ ቶሎ ይቆጣል።

ለጸሐፊው ደግሞ ይህን ይንገሩልን፦ ልጅቷ ከሰው በፊት ከብት ታይ። በጋዙ የተመታ መስክ ላይ የጋጠች በቅሎ አፏና ኮቴዋ አካባቢ ስትቆስል፣ ምክንያቱን ማንም ሳያውቅ ልጅቷ ያንኑ ሣር በእጇ ነጭታ ልታበላት ስትጎነበስ፣ ተመልካቹ ከወንበሩ ይነሣል። አንድም ጩኸት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ባለታሪኬ በመጨረሻ የአባቷን ጠመንጃ አንሥታ አምስት ጣልያኖችን ትጥላለች። ጠመንጃው ውጅግራ ነው። ተዋናይቷ 15 ዓመቷ ነው። ምን ልጠንቀቅ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ውጅግራ ከሆነ አምስቱን መጣሏን ይተዉት። ውጅግራ አንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ 1 ሜትር ከ30 የሚረዝም፣ ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጠመንጃ ነው። የልጅቷ ቁመት 1 ሜትር ከ50 ከሆነ ከእሷ በ20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚያንሰው። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባሩዱ የጥንቱ ጥቁር ባሩድ ስለሆነ አንድ ጊዜ ሲተኮስ ነጭ ጭስ ቧ ብሎ ፊቷን ይሸፍነዋል፣ ያለችበትንም ቦታ ለጠላት ያሳብቃል። ሰደፉን ከትከሻዋ አጥብቃ ካልያዘችው ይጥላታል። ዳግመኛ ለመተኮስ መቆለፊያውን ከፍታ፣ ቀለሁን አውጥታ፣ ከዝናር ጥይት መዝዛ፣ አጉርሳ፣ ዘግታ ነው፤ እጁ ላልለመደና ለሚንቀጠቀጥ ሰው አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ምንሽር አምስት፣ የጣልያኑ ካርካኖ ስድስት ጥይት ይጎርሳሉ፤ የእሷ ግን አንድ ነው። የእኛ ምክር ይህን አንድ ጥይት መጠቀም ነው። ተኩሳ ጭሱ እስኪገለጥ ድረስ ስታ ይሁን መትታ አታውቅም፤ እኛም አናውቅ።

ስለ ተዋናይቷ፦ እርሳስ የሌለው የባሩድ ጥይትም ቢሆን ከአፈ ሙዙ እሳትና ፍርፋሪ ይተፋል፤ በቅርብ ርቀት ሰው ይገድላል። ስለዚህ በልጅ እጅ የሚያዘው የማይተኩስ ቅጂ ይሁን፣ ጭሱና ድምፁ ለብቻ ይሠራ። እውነተኛ ጠመንጃ ከተቀረጸ ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ባለሙያ ይመደብ፤ ከእሱ በስተቀር ማንም አይክፈተው፣ አይሙላው፣ አያቀብለው። አፈ ሙዝ ወደ ሰው አይቀናም፤ ካሜራው አንግሉን ጠምዝዞ የቀና ያስመስለው። ወላጅ ወይም አሳዳጊ በቦታው ይኑር። የምትፈራውን ነገር አስቀድማ ትወቅ፤ እውነተኛ ድንጋጤ ለማግኘት ልጅን ማስደንገጥ የአዘጋጅ ስንፍና ነው።

ጥያቄ፦ የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ከአንዲት ቤት ውስጥ ሆኜ ማሳየት እፈልጋለሁ። ልጅቷ ምን ያህል ታውቃለች? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የሚያስፈልግዎትን ሁሉ ቀኑ ራሱ ይሰጥዎታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ዓርብ ነበር፤ 12 ደግሞ ሚካኤል ነው። ስለዚህ ጎረቤት ለሚካኤል ማኅበር አንድ ቤት መሰብሰቡ እጅግ ተፈጥሯዊ ነው። ዓርብ ስለሆነ ቅዳሴው ይዘገያል፤ ዳቦው፣ ንፍሮውና ጠላው ተዘጋጅቶ ቄሱ ይጠበቃል። ልጅቷ ታሰናዳለች። ከቤቱ አንድ ሰው ግን የለም፤ ለድሆች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሄዷል፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ወደ ሆነው።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሩቅ ፍንዳታ ይሰማል፤ አከታትሎ ሌላ። ቀጥሎ የመትረየስ ተኩስ፣ ረጅም። ከዚያ ዝምታ። ምሽት ላይ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾች፣ የጣልያን ፋሺስቶች፣ በየሰፈሩ ይወጣሉ፤ ሦስት ቀን በጥይት፣ በዱላ፣ በአካፋ ይገድላሉ፣ ቤንዚን እያርከፈከፉ ቤት ያቃጥላሉ።

ልጅቷ የምታውቀው ይህንን በድምፅ፣ በሽታና በሚሮጡ ሰዎች ወሬ ነው። በዚያ ምሽት ከጎረቤት አንዱ «አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉ» ቢል ስሕተት ነው፤ ስማቸው ሰፈር ውስጥ ገና አልተሰማም። «ግራዚያኒ ቆሰለ» የሚል ወሬ፣ «ሞተ» የሚል ሌላ ወሬ ሊደርስ ይችላል፤ ሁለቱ ይጋጩ። የሟቹንም ቁጥር ማንም ገጸ ባሕርይ አይጥራ። የኢትዮጵያ መንግሥት ኋላ ያቀረበው 30,000 ነው፣ ታሪክ ጸሐፊዎች ዝቅ ያለ ግምትም ይሰጣሉ፤ ለእሷ ግን ቁጥሩ የሚካኤል ዕለት ከመጡት ጎረቤቶች እሑድ የቀሩት ናቸው። በመጀመሪያው ትዕይንት ዋንጫዎቹን ስትደረድር ካሳዩ፣ በኋላ ስንቱ ባለቤት እንዳጣ ለማስረዳት ንግግር አይፈልጉም።

የሣር ክዳን ቤት በደቂቃዎች ውስጥ ይያያዛል፤ ልጅ ተዋናይ ባለችበት እሳት አያንሡ። ቃጠሎውን ባዶ ቤት ላይ ለብቻ ቀርጸው፣ የእሷን ፊት በብርሃንና በውሃ ላይ በተመሠረተ የጭስ ማሽን ሌላ ቀን ይቅረጹ። በሴቶች ላይ የደረሰውንም ግፍ በበር ማዶ ያቁሙት።

ጥያቄ፦ የጣልያን አውሮፕላን የጣለውን የቅስቀሳ ወረቀት ልጅቷ አንሥታ ብታነብስ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወረቀቱ በአማርኛ ተጽፎ መጣሉ እውነት ነው። ማንበብ የምትችል ልጅ ግን እጅግ ጥቂት ናት፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው ከወረራው ጥቂት ዓመታት ቀድሞ ነው፣ እሱም አዲስ አበባ። ለገጠር ልጅ ዲያቆን ወይም ደብተራ ያንብብላት። አንባቢው አንዱን መስመር ዘሎ ቢያልፍ ደግሞ ጥሩ ትዕይንት አገኙ።

ጥያቄ፦ ባለታሪኬን የውስጥ አርበኛ ማድረግ እችላለሁ? የ15 ዓመት ልጅ ምን ልትሠራ ትችላለች? (ከጎንደር)

መልስ፦ ይችላሉ፤ ከተማ ለሚቀመጥ ታሪክ ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ የለም። የውስጥ አርበኞች በጣልያን ይዞታ ሥር እየኖሩ ለዱር አርበኛ ጥይት፣ መድኃኒት፣ ልብስና ወሬ የሚያቀብሉ ነበሩ፤ እንደ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ሴቶች በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀ ነው፤ እሳቸው ተይዘው እስከ ጣልያን አገር አዚናራ ደሴት ተግዘዋል። ልጅ ደግሞ ለፍተሻ ብዙ ዐይን አይስብም።

ዕቃውን ግን መዝኑት። አንድ የካርካኖ ጥይት 22 ግራም ገደማ ነው፤ መቶው ከ2 ኪሎ ትንሽ ያልፋል፣ በአገልግል እንጀራ ሥር ይደበቃል። አንድ የውጅግራ ጥይት ግን ከ40 ግራም ይበልጣል፤ መቶው 4 ኪሎ አልፎ የአገልግሉን ጠፍር ይወጥራል፣ አካሄዷንም ይለውጣል። ከክብደቱ ይልቅ የሚያጋልጠው ድምፁ ነው፤ ብረት ለብረት ሲነካካ ይንሿሿል። ስለዚህ ጥይቱ በጨርቅ እየተጠቀለለ ወይም ዱቄት ውስጥ እየተቀበረ ይታይ። ተዋናይቷ ባዶ አገልግል ይዛ የከበዳት ለመምሰል አትሞክር፤ ትክክለኛውን ክብደት ያስገቡላት። በእንስራም እንዲሁ ነው። ሙሉ እንስራ ከ15 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ባዶ የተሸከመች ተዋናይ ወገቧ ቀጥ ይላል፣ ስታወርደውም በአንድ እጅ ታወርደዋለች፣ ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ይፈርሳል። ቢያንስ ግማሹን ይሙሉት።

አነጋገሯንም ያስተካክሉ። አባቷን «አንተ» አትልም፤ «እርስዎ» ነው፣ እንደ አገሩም «አንቱ»። ስለ ጦርነቱ አዋቂዎችን በቀጥታ አትጠይቅም፤ ቡና ስታቀራርብ፣ እጅ ስታስታጥብ ትሰማለች። የምስጢር ሥራ ለመልመድ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አልነበረም።

ጥያቄ፦ ገንዘብና ዕቃ ላይ የሚፈጸም ስሕተት ካለ ብትነግሩኝ። (ከደሴ)

መልስ፦ ብሩ ማርያ ቴሬዛ ነው፤ አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፣ ስለዚህ መቶ ብር 2 ኪሎ ተኩል አልፎ ሦስት ሊሞላ ነው፤ በኪስ አይገባም። ከወረራው በኋላ ጣልያን ሊሬ ቢያመጣም ሕዝቡ የሚያምነው ብሩን ነበር። ቢጫ ጀሪካን፣ የፕላስቲክ ጫማና የናይሎን ገመድ ከቀረጻው ቦታ ይልቀሙ። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ ዙሪያ ይታይ፣ በራያ መስክ ግን ከጀርባ እንዳይገባ። እርስዎ ደሴ ስለሆኑ ደግሞ፦ ከተማዋ በአውሮፕላን የተደበደበችው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ቀይ መስቀል የነበረበት ሆስፒታልም ተመትቷል። ባለታሪክዎን ደሴ ካስቀመጧት ጦርነቱን ፍለጋ የትም አትሄድም።

ጥያቄ፦ ታሪኬ ከክተት አዋጅ እስከ ድል ይሄዳል። በአንዲት ተዋናይ ይቻላል? (ከአዳማ)

መልስ፦ በ1928 ዓ.ም. 14 የነበረች ልጅ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. 19 ዓመቷ ነው፤ ምናልባትም የልጅ እናት። በአንዲት የ14 ዓመት ተዋናይ አይሆንም፤ ሁለት ያስፈልጋል፣ ወይም ታሪኩን ከመስከረም 1928 እስከ የካቲት 1929 አጥብበው በአንዲት ይጨርሱ። እኛ የምንመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ አሥራ ሰባት ወር የአንዲትን ልጅ ፊት ለመለወጥ ይበቃል።

የቀረጻው ቅደም ተከተል በፀጉሯ ይወሰን። በታሪኩ መጀመሪያ ያላገባች ልጅ ስለሆነች አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው የቀረ ጋሜ ብትሆን ያምራል፤ መጨረሻ ላይ ሹሩባ ተሠርታለች። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍል መጀመሪያ ይቅረጹ፣ አናቷን ከዚያ በኋላ ይላጩ። ከመላጨቱ በፊትም የሹሩባውን ትዕይንቶች አርታኢው አይቶ «ድጋሚ አያስፈልግም» ማለቱን ያረጋግጡ።